የማርታ ነጭ ጽጌረዳ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሜሮን ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና «አያቴ፣ አበባ ምረጪልኝ» አለችኝ። ሰርጓ ሜዳ ላይ ነው፤ ለዚያውም ከሆሳዕና ወጣ ብሎ፣ ነፋሱ ጃንጥላ የሚገለብጥበት ተረተር ላይ። ሠላሳ ዓይነት አበባ አሳየችኝ። «ፀሐይ ላይ ስንት ሰዓት ይቆያል?» ብላት፣ «አንቺ ደግሞ! ዋናው ፎቶው ነው» አትለኝም? ደሜ ፈላ።

በጃንሆይ ዘመን ታላቅ እህቴ ማርታ ዱራሜ ለሚያስተምር ወጣት ስትዳር አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ጸሎት ቤቱ ሰርገኛውን ስለማይችል ጋብቻው የሚፈጸመው ሌሞ፣ ከቤታችን በታች ባለው መስክ ላይ ነበር። ቀኑን የቆረጡት ሽማግሌዎች፣ ቀሚሱን የመረጡት አማቶቿ ናቸው። ማርታ ራሷ የመረጠችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በእጇ የምትይዘውን ነጭ ጽጌረዳ። እሱን የማምጣቱ ነገር ለእኔ ተሰጠ።

ጽጌረዳው ያለው ሆሳዕና፣ አንዲት የምናውቃት ነርስ ግቢ ውስጥ ነው። በሰርጉ ቀን ማልጄ ልወጣ ስል እናቴ እርጥብ የእንሰት ግንድ ቁራጭና ኮባ አስታቀፈችኝ።

«እዚህ ላይ ሰክተሽ፣ በኮባ ሸፍነሽ አምጪው። ጥር ነው፤ ይጠወልግብሻል።»

«እማዬ፣ አበባ ነው እንጂ ቆጮ አይደለም!»

አዲስ አበባ አክስታችን ዘንድ ሁለት ክረምት ከርሜ አበባ በወረቀት ሲጠቀለል አይቻለኋ! የእናቴን እንሰት አጥር ሥር ጣልኩት። ያን ጊዜ የነበርኩትን ያቺን ልጅ ዛሬ ባገኛት በኩርኩም ባልኳት ነበር።

ጽጌረዳውን በወረቀት ጠቅልዬ ስመለስ የተሳፈርኩበት ጋሪ ደግሞ የጉድ ነው። ባለጋሪው ከአላፊ አግዳሚው ጋር የከብቱን፣ የገብሱን፣ የልጁን ደኅንነት ተጠያይቆ ካልጨረሰ ፈረሱን አይነካም። «ሰርግ አለብኝ!» ብለው፣ «ታዲያ ሙሽራዋ አንቺ ነሽ?» ብሎ ሳቀብኝ። ፀሐይዋ አናቴን እየበሳች፣ አቧራው እየጋገረኝ መስኩ ደረስኩ።

ሕዝቡ ተሰብስቧል፤ ሙሽራው ቆሟል። ወረቀቱን ስፈታው ጽጌረዳው እንደ ተቀቀለ ጎመን ተኝቷል። ማርታ አየችው።

«በይ እጅሽን አምጪ» አለችኝ።

በአበባው ፈንታ እጄን ይዛ፣ ጥፍሯን መዳፌ ውስጥ ቀብራ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል አለፈች። ሙሽራው ፊት ደርሰንም አልለቀቀችኝም። ፎቶ አንሺው እንደዚያው አነሳን።

ፎቶው ግድግዳዬ ላይ ነው። የመጣው እንግዳ ሁሉ «እንዴት ብትዋደዱ ነው!» ይላል፤ እኔ መዳፌን ያመኛል። ይባስ ብላ ሜሮን አሳድጋው ሰርጓ ላይ ልትሰቅለው ነው። ትናንት ማርታ ጋ ደወልኩና፣ «ስትቆነጥጪኝ የተነሳነውን ፎቶ የፍቅር ሊያደርጉት ነው» ብዬ ተነጫነጭኩ።

«መጀመሪያ በንዴት ነበር» አለች። «እሱ ጋ ስንደርስ ግን ብለቅሽ የምወድቅ መሰለኝ።»

ይህን ለመናገር ከሃምሳ ዓመት በላይ ምን ያዛት? ተናድጄ አለቀስኩ።

ዛሬ ጠዋት ከጓሮ እርጥብ የእንሰት ቁራጭ አስቆርጬ ለሜሮን በሯ ላይ አስቀመጥኩላት። እንደምትስቅብኝ አውቃለሁ። ትሳቅ። አበባዋ ከጠወለገ እጄ አለ።