ጋሽ ቡጢ እና የእናቴ ፍራሽ

ሰፈሩ አባቴን «ጋሽ ቡጢ» ይለዋል። ሰው መትቶ አይደለም፤ ፍራሽ መትቶ ነው። አርባ ዓመት ጥጥ ሲነድፍና ፍራሽ ሲሰፋ የኖረ ሰው ስለሆነ፣ የፍራሽን ጤንነት የሚያውቀው አንድ ጊዜ በቡጢ ነርቶ ነው። የጎደጎደው ወዲያው ከተነሳ «ይሸጣል» ይላል፤ ካልተነሳ ስፌቱን ፈትቶ እንደገና ይነድፈዋል። እንግድነት ሄዶ እንኳ የሶፋውን ትራስ በቡጢ ሳይፈትሽ አይቀመጥም። እናቴ በዚህ አመሉ ስንቴ አፍራለች መሰላችሁ።

እናቴን ዳሌዋን ማመም ከጀመራት ሁለት ዓመት አልፏል። ካለፈው ክረምት ወዲህ ደግሞ አልጋውን ትታ ሳሎን ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ታድራለች። ለምን ስትባል፣ ስተኛ ትንፋሽ ያጥረኛል ነው መልሷ፤ ሐኪም ግን ትንፋሽ የሚያሳጥር ነገር አላገኘባትም። ያቺ ጨዋታ አዋቂ ሴት ቀን ቀን ፈዛ መዋል ጀመረች። አባቴ ፍራሿን ሦስቴ ፈትቶ ሦስቴ ሰፋላት። እሷ ግን ከወንበሩ ወይ ፍንክች።

እኔ ነርስ ነኝ። በምሠራበት ሆስፒታል አልጋ ይዘው ለሚከርሙ ሕሙማን ገላቸው እንዳይቆስል ሜሞሪ ፎም የሚባለውን ስፖንጅ እናነጥፍላቸዋለን። ለዳሌዋ ይሻላት ይሆናል ብዬ አንዱን ገዝቼ መጣሁ። መጀመሪያ የተሠራው ለአውሮፕላን መቀመጫ እንደሆነ፣ የሠሩትም የጠፈር ምርምር ሰዎች እንደሆኑ ለአባቴ አስረዳሁት። እናትሽ ወዴት ልትበር ነው ብሎ ጠየቀኝ።

አዲስ ሲሆን ስለሚሸት ሰው በማያድርበት መኝታ ክፍል ውስጥ መስኮት ከፍቼ ሁለት ቀን አናፈስኩት። አባቴ ግን ግቢ አውጥቶ፣ ፀሐይ ላይ ዘርግቶ፣ በዱላ ሊደበድበው ተነስቶ ነበር። ፀሐይና ዱላ ያበላሸዋል፣ እሳትም አጠገቡ አይድረስ ብዬ በስንት ልመና መለስኩት። ሕፃን ልጄንም እንዳያስተኙበት አስጠነቀቅኩ፤ ፊቱ ስፖንጁ ውስጥ ከተቀበረ ይታፈናል። አባቴ ሳቀብኝ። ፀሐይ የማያየው፣ ዱላ የማይነካው፣ ሕፃን የማይጠጋው ከሆነ ፍራሽ ሳይሆን ሙሽራ ነው ያመጣሽው አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስንገባ፣ መስኮቱ ተከፍቶ ያደረው ክፍል በብርድ ያንቀጠቅጣል። አባቴ እጅጌውን ሰብስቦ እንደ ልማዱ ቡጢ አቀመሰው። ከዚያ ጣቶቹን እያሻሸ ወደ እኔ ዞረ። ስፖንጁ ድርቅ ብሎ ነበር። ይሄማ ሳንቃ ነው፣ የሚስቴን ዳሌ አላሰብርም ብሎ ወደ ደጅ ይጎትተው ጀመር። ብርድ እንደሚያጠነክረው፣ የገላ ሙቀት ሲያገኝ ቀስ ብሎ እንደሚላላ ብነግረው ማን ሰምቶኝ! አርባ ዓመት ሙሉ ያልዋሸው ቡጢው መስክሯል።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «አንጥፈው፤ ልሞክረው» አለችው።

እያጉረመረመ አልጋው ላይ ዘረጋው። እኔ መስኮቱን ዘጋሁ። በሚያማት ጎኗ ቀስ ብላ ጋደም አለች። መጀመሪያ ምንም የለም፤ አባቴም «አላልኩም?» በሚል ዓይን አየኝ። ቆይቶ ግን ትከሻዋ፣ ከዚያ ዳሌዋ፣ እየሰመጠ ሄደ። የፊቷ ጭምድድ ሲፈታ አየሁ፤ ልቤ በደስታ ሞላ።

«ትንፋሽ ያልኳችሁ ሰበብ ነው፤ ጥጡ ይቆረቁረኝ ነበር» አለች ዓይኗን እንደጨፈነች።

«ከመቼ ጀምሮ?» አላት አባቴ።

«ካመመኝ ጀምሮ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተ ለኔ ብለህ የሰፋኸውን?» አለችው። ሌላም ልትጨምር ነበር፤ እንቅልፍ ቀደማት።

የዚያን ቀን አባቴ ሱቁን አልከፈተም። እሷ እስክትነሳ፣ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ፣ አጠገቧ ተቀምጦ ትንፋሿን ሲያዳምጥ ዋለ።

በሳምንቱ አንዲት የቆዩ ደንበኛው ፍራሻቸው እንዲነደፍላቸው ይዘው መጡ። አባቴ ፍራሹን ከመቀበሉ በፊት ወንበር አቀረበላቸው።

«እትዬ፣ እስቲ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ሲተኙበት የሚያምዎት ቦታ አለ?» አላቸው። «ደግሞ እኔ ነኝ የሠራሁት ብለው ይሉኝታ እንዳይዝዎት።»