የመካኒሳ ባሕር

በአዲስ አበባ ምድር እንደ እኔ ውሃ የሚሠራ የለም። የእኔን ውሃ ዶሮ ብታየው አንገቷን ደፍታ ልትጠጣ ትሞክራለች፤ ዓሣ ብታየው ትዳሯን ፈትታ ትገባበታለች።

ይህን ያልኩት ለጎረቤቴ ነው። ይህን ስል ግን አንድም ውሃ ሠርቼ አላውቅም። እንጀራዬ መካኒሳ ባለች ጠባብ ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ኢፖክሲ ማፍሰስ ነው፤ ፈሳሹን ከማጠንከሪያው ጋር አዋህደህ ታፈሰዋለህ፣ በነጋታው እንደ መስታወት ደርቆ ይጠብቅሃል።

ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ የባሕር ኃይል መካኒክ ናቸው። በወጣትነታቸው ያገለገሉባትን መርከብ ከእንጨትና ከቆርቆሮ ክንድ የምታህል አድርገው ሠርተዋታል። እሑድ የድሮ ጓዶቻቸው ሊያዩዋት ይመጣሉ።

«ውሃ ላይ ሆና ይዩአት» አሉኝ። «በሙሉ ፍጥነት ስትሄድ። አደራህን፣ እነዚያ ሰዎች አንዴ ከሳቁብኝ እስክቀበር አይለቁኝም።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ተኝተው ይደሩ!»

እሳቸው ተኙ፤ እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነኝ። የቆመ ውሃ አውቃለሁ፤ በባልዲ፣ በሮቶ። ሲሮጡበት ምን እንደሚሆን ማን ይንገረኝ? ስልኬ ላይ ቪዲዮ ከፈትኩ፤ አንዱ ባሕር ሰማያዊ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ጥቁር። ጭራሽ ባሰብኝ። ስልኩን ዘግቼ በዓይኔ የማየውን ብቻ ላምን ወሰንኩ።

ነሐሴ ነበር። ጃንጥላና ደብተር ይዤ አስፋልት ዳር ቆምኩ፤ ሚኒባስ የዝናቡን ኩሬ ሰንጥቆ ባለፈ ቁጥር የውሃውን አነሳስ እስላለሁ። በሦስት ቀን የጠጣሁት ፍንጥቅጣቂ አንድ ክፍለ ከተማ ያጥባል። አንዱ ሾፌር አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «ፋዘር፣ ትሳፈራለህ ወይስ ሳሙና እናምጣልህ?» አለኝ። ባለቤቴም በራፍ ላይ አስቁማኝ፣ «ሰው ከጎርፍ ይሸሻል፤ አንተ ቀጠሮ ትይዛለህ?» ስትል ጃኬቴን ጨመቀችው።

መርከቧን ተቀብዬ ኢፖክሲውን ሰማያዊ አድርጌ ዙሪያዋን አፈሰስኩ። ፍንጥቅጣቂውን ከነጭ ሲሊኮን በቢላ ጫፍ እየሳብኩ፣ አናቱ ላይ ጥጥ እየበተንኩ ሠራሁት። ዓርብ ዕለት ተሸክሜ አደረስኩ።

ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉ። ዞሯት። ጎንበስ አሉ። ደግመው ዞሯት።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ፣ ከጎኗ የተነሱትን ነጫጭ ክንፎች እየነኩ።

«ፍንጥቅጣቂ ነዋ ጋሼ! ሙሉ ፍጥነት!»

«በየጎኑ ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ።»

«አዎ!»

«አንተ ሰውዬ፣ መርከቤ ጎማ አላት እንዴ?»

ደነገጥኩ። መርከብ ጎማ እንደሌላት አውቃለሁ፣ እዚያ ድረስ አልደነዝኩም፤ ታዲያ ውሃው ከየት ሊነሳ ነው? ጋሼ አልሳቁም። ወንበራቸው ላይ ዘፍ አሉ። «እሑድ መርከቤን ጎርፍ የገባች ታክሲ ይሏታል» አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለግድግዳው።

ቅዳሜ ጠዋት መሮ ይዤ ተመለስኩ። ክንፎቹን ፈልፍዬ ስጨርስ ጋሼ ጣታቸውን ውሃ ነክረው ጠረጴዛው ላይ ሳሉልኝ። «ውሃውን አፍንጫዋ ትሰነጥቀዋለች፤ ግራና ቀኝ እየሰፋ ይሄዳል። ከኋላዋ ሞተሩ ያመሰው ነጭ መንገድ ይቀራል።»

«እየሰፋ ወዴት ይሄዳል?»

«ወዴትም። እየሰፋ ይጠፋል።»

«የት ሲደርስ?»

«ዝም ብለህ ጥጡን አሳሳው» አሉኝ።

አሳሳሁት። አሁንም ድረስ የት ሲደርስ እንደሚጠፋ አልገባኝም። እሳቸው ያዛሉ፣ እኔ ሲሊኮኑን እስባለሁ፤ እስከ ማታ እንዲህ ዋልን።

እሑድ አራት ሽማግሌዎች መጡ። የሳቀ የለም። አንደኛው አፍንጫው ውሃውን እስኪነካ አጎንብሶ፣ «ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው፤ ነፋሱ ገና አልተነሳም» አለ። ሌላው፣ «ምን ሦስት ትላለህ፣ አራት አልፏል!» ብሎ ተቆጣ። ሰዓቱን ሲከራከሩ የጋሼ ደረት በሩን ሊዘጋው ምንም አልቀረው።

ከዚያ ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ዞሩ። «ይሄ የባሕር ሰው ነው! የት ወደብ ነበርክ ወንድሜ?» አለኝ አንዱ።

ጋሼ ምን እንደምል ለመስማት ቋምጠው ያዩኛል። ሃምሳ ሁለት ዓመት ውሸት ያላጣ አፌ እውነቱን አወጣው።

«ባሕር አይቼ አላውቅም» አልኩ። ሐይቅም አላየሁም። አንዴ ከዕድራችን ጋር ቢሾፍቱ ሄደን ነበር፤ ሌላው ሰው ሐይቁ ዳር ሲወርድ፣ እኔ ብዙ ውሃ ስለምፈራ መጋረጃውን ዘግቼ አውቶቡሱ ውስጥ ቀረሁ።