ከጥምቀት በኋላ

የገና በዓል ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ከመካነ ኢየሱስ ገበያ የገዛሁትን እሸት ሽምብራ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ስፈለፍል ስልኬ ጠራ። የክርስትና ልጄ ምሕረት ናት፤ ወገዳ ነርስ ሆና ትሠራለች። ሰላምታውን ካበቃን በኋላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። አብሯት ከሚሠራ ልጅ ጋር ከተዋደዱ ቆይተዋል፤ ጋብቻ የሚለውን ቃል ግን ሁለቱም አንስተውት አያውቁም።

«ትወጂዋለሽ?» አልኳት።

«እወደዋለሁ እትዬ። ግን እፈራለሁ። እሱም የቸኮለ አይመስልም። ከጥምቀት በኋላ እንነጋገራለን ተባብለናል። እርስዎ ምን ይሉኛል?»

ኔትዎርኩ ተቆራረጠና ስልኩ ተዘጋ። ወደ ሽምብራዬ ተመለስኩ። እሸት ሽምብራ የፈለፈለ ሰው ያውቀዋል፤ ቅጠሉ ጣት ላይ አንድ ጎምዛዛ ነገር ይተዋል። ጣቴን ወደ አፌ አስጠጋሁና ቀመስኩት። ያ ጣዕም ሁልጊዜም ታች ጋይንት ይዞኝ ይሄዳል።

ያኔ የመምህራን ማሠልጠኛ ተማሪ ነበርኩ። በዓሉን አክስቴ ዘንድ ላሳልፍ ሄድኩ፤ ቤቷ ከአርብ ገበያ ወጣ ብሎ ነው። አይሱዙ ላይ፣ በእህል ጆንያ መሐል ተሳፍሬ አቧራ ለብሼ ደረስኩ። ገብሱ ተወቅቶ አልቆ የስንዴው ተራ ነበር፤ በየአውድማው በሬዎች ይዞራሉ፣ ነፋስ በተነሳ ቁጥር እብቁ እስከ መንገዱ ይመጣል። አክስቴ እግሬን እንኳ ሳልታጠብ ሥራ ሰጠችኝ።

«የቄሱ ሚስት አራስ ናቸው፤ ውሃ የሚቀዳላቸው የለም። ከነገ ጀምሮ እዚያ ትውያለሽ» አለችኝ። አክስቴ በሰው ጉልበት ደግ ነበረች።

የቄሱ ሚስት ወይዘሮ የሻረግ ይባሉ ነበር። ከእንግዲህ አይወልዱም ከተባለ ከስንት ዘመን በኋላ ሴት ልጅ አግኝተው፣ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና እስክትነሳ ድረስ ከግቢያቸው አይወጡም ነበር። ቀኑ የሚውለው በቃና ዘገሊላ ማግስት ነበር። ከእሷ ሌላ ያላቸው አንድ ወንድ ልጅ ነው፤ ዲያቆን ይበልጣል። ባሕር ዳር ኮሌጅ ይማር ነበርና ለበዓል መጥቷል።

በመጀመሪያው ቀን ጀሪካኑን አህያዋ ላይ ስጭን አየኝና፣ «እንዲህ አይታሰርም» ብሎ ገመዱን ፈትቶ እንደገና አሰረው። ቤት ሳንደርስ ወደቀ። እሱ ሲያፍር እኔ ስስቅ ተመልሰን ቀዳን። ከዚያ በኋላ ውሃው ሁልጊዜ ሁለት ሰው የሚፈልግ ሆነ።

መንገዳችን በሽምብራ ማሳ ዳር ነው። ጠዋት ጠዋት ውርጩ ሣሩን ያነጣዋል፤ ፀሐይ ስትበረታ ደግሞ ማሳው ዳር እንቀመጣለን። እሱ ይነቅላል፣ እኔ እፈለፍላለሁ፣ እኩል እንበላለን። ጣቴ ላይ የቀረውን ቀምሼ ፊቴን ሳኮማትር ይስቅብኛል። ወደድኩት። እሱም እንደወደደኝ አውቅ ነበር፤ አንድ ቀንም ራሱ ነገረኝ። ከዚያ ግን ወዲያው መሬት መሬት ማየት ጀመረ።

«ዲያቆን የሚያገባው አንዴ ነው» አለኝ። «ቆርቤ ካገባሁ ቅስና ይከተላል። አባቴ ቆሞ የሚጠብቀኝ እሱን ነው። አንቺን እሺ ማለት ያንን ሁሉ እሺ ማለት ነው።»

«እኔስ መቼ እሺ በለኝ አልኩህ?» አልኩት። «የራሴን በር በራሴ ቁልፍ ሳልከፍት የማንም ቤት ሚስት አልሆንም።» ታላቅ እህቴ ከስምንተኛ ክፍል ወጥታ ስትዳር አይቻለሁ፤ ሻንጣዋን ስታሥር የረዳኋት እኔ ነኝ።

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ከጥምቀት በኋላ እንነጋገር።»

ሁለታችንም ደስ አለን። ቀጠሮ የያዘ ሰው ውሳኔ የወሰነ ይመስለዋል።

የጥምቀት ዕለት ታቦቱ ከገባ በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ በቄሱ ቤት ተሰበሰበ። አክስቴ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣለች፤ ይበልጣል ጆግ ይዞ ለእንግዶቹ ጠላ ይቀዳል። እኔ ዳቦ ሳዞር ወይዘሮ የሻረግ እጄን ያዙና ሰው ፊት አቆሙኝ።

«ይቺ ልጅ ከጎኔ ሳትለይ ስትረዳኝ ከረመች» አሉ። «ለልጄ የክርስትና እናት የማደርገው እሷን ነው። ከቤቴ እንዳትርቅብኝ ፈለግሁ።»

ቄሱ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። በእኛ አገር ክርስትና ያነሳ ሰው ለዚያ ቤት ዘመድ ነው። አበልጅ ከሆኑ ወዲያ መጋባት፣ እህትና ወንድም ከመጋባት አይለይም፤ በካህን ቤት ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ክርስትና አንሺልኝ ተብሎም እምቢ አይባልም። እምቢ ለማለት ምክንያት ያስፈልጋል፤ የእኔ ምክንያት ደግሞ አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም ጠላ ይቀዳል።

አየሁት። ጆጉ እጁ ላይ ቆሟል። «እናቴ፣ ይህ ነገር ይቅር» ቢል ይበቃ ነበር። ወይም እኔ «አክስቴን ለብቻዋ ላናግራት» ብል ይበቃ ነበር። እሱ እኔን ጠበቀ፣ እኔ እሱን ጠበቅሁ። ከዚያ ወደሚቀጥለው እንግዳ ዞረና ቀዳ።

«እሺ» አልኩ። ቤቱ በእልልታ ተሞላ።

ክርስትናው የተነሳው በማለዳ ነው። ብርዱ እግሬን ያንቀጠቅጠዋል። ይበልጣል መስቀልና ጧፍ ይዞ ከአጥማቂው ቄስ ጎን ቆሟል። ሕፃኗን ታቅፌ፣ ወደ ምዕራብ ዞሬ ሰይጣንን ካድኩላት፤ ወደ ምሥራቅ ዞሬ እምነቷን መሰከርኩላት። ስለ ራሴ አንዲት ቃል ያልወጣኝ ሰው፣ ስለ እሷ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ከውሃው ወጥታ እያለቀሰች በነጠላዬ ስጠቀልላት ግን እኔም አለቀስኩ፤ ሰዉ ከደስታ መሰለው።

ከደጀ ሰላሙ ስንወጣ ለአፍታ ብቻችንን ሆንን።

«ለምን እሺ አልሽ?» አለኝ።

«አንተ ለምን ዝም አልክ?»

የያዘውን ጧፍ አጠፋ። ሐዘን ብቻ ቢሆን ኖሮ ይቀል ነበር፤ በሁለታችንም ፊት ላይ ግን እፎይታ ነበረ። ልንወስነው የፈራነውን ነገር ሌላ ሰው ወሰነልን። ያን እፎይታ እሱ ፊት ላይ በማየቴ ለብዙ ጊዜ ተቀየምኩት፤ የራሴን ለማየት ደግሞ መስታወት አልነበረኝም።

ይበልጣል ቆርቦ አገባ፣ ቄስም ሆነ፤ መልካም ካህን ነው ይሉታል። እኔም መምህር ሆንኩ፣ ቁልፌን አገኘሁ፣ ዘግይቼ አገባሁ፣ ልጆች አሳደግሁ። ባሌ ደግ ሰው ነው፤ አላማርርም። ግን እንደ አበልጅ ደንብ በዓል ሲሆን ዳቦ ይዤ እዚያ ቤት እሄዳለሁ። ቄስ ይበልጣል መስቀሉን ያወጣል፣ እኔ ጎንበስ ብዬ እሳለማለሁ፣ ስለ ዝናቡና ስለ ልጆቹ እናወራለን። ያንን ጠዋት አንድም ቀን አንስተነው አናውቅም።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ክፉ ቃል ላለመናገር ከሆነ እውነት ነው። የእኛ ዝምታ ግን ከውስጥ ሲነቅዝ ኖሯል፤ እኔ አውቀዋለሁ። ለምሕረት ይህን ሁሉ ልነግራት አልችልም፤ የእኔና የወንድሟ መለያ የእሷ ክርስትና እንደነበረ ማወቅ አይገባትም። ሕፃን ምን አጠፋች? ደግሞም በሕይወቴ ካገኘኋቸው ልጆች ሁሉ እሷን የሚያህል ደስታ የሰጠኝ የለም።

ሽምብራውን ወደ ጎን አድርጌ መልሼ ደወልኩላት።

«ልጄ፣ ከጥምቀት በፊት ተናገሪ» አልኳት። «ይሁንም አይሁንም፣ ከአፍሽ ይውጣ። ከበዓሉ በኋላ ጊዜ አለ ያለሽ ማን ነው?»

ሳቀች።

«ወንድሜም ትናንት ቃል በቃል ይህንኑ ነው ያለኝ። ተማክራችሁ ነው እንዴ?»

ጣቶቼ አሁንም ይጎመዝዛሉ።

«አይ ልጄ» አልኳት፤ «እኔና እሱ ተማክረን አናውቅም።»