ጓድ ይመር የወሰደው ወይን

ልጅ እያለሁ አባቴ በዓመት አንድ ጊዜ ወይናችንን የሚገድለው ይመስለኝ ነበር። የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ማንም የሌለውን ወይን ከቆላ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ አምጥቶ የተከለው እሱ ነው። ከመንገድ ተመልሶ ሲያርፍ፣ ደጃፋችን ላይ ዳሱን የሞላውን ሐረግ በመቀስ ይከረክምና ራቁቱን ያስቀረዋል። የተረፈውን ቅጠል እኔ በእጄ አራግፋለሁ። ከዚያ ለሳምንታት ውሃ አናስነካውም።

«ብርድ አገር ቢሆን ራሱ ቅጠሉን አራግፎ ይተኛ ነበር» ይለኛል። «እዚህ የምናስተኛው እኛ ነን። ሳይተኛ ደህና አድርጎ አያፈራም።»

እውነትም ውሃ ማጠጣት ስንጀምር ከዚያ ደረቅ እንጨት ለስላሳ እምቡጥ ይወጣል። አራት ወር ያህል ቆይቶ ዘለላው ጠቁሮ ይንዠረገጋል። እኔ ከሥሩ ቅልሞሽ ስጫወት፣ የዓሣና የቄጠማ ሽታ ያዘለው የሐይቁ ነፋስ ከወይኑ መዓዛ ጋር ተደባልቆ ይመጣብኝ ነበር።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ የአባቴ መኪና ውጫሌ አጠገብ ቁልቁለት ላይ ተገልብጦ አባቴ ሞተ። አርባው ሳይወጣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ይመር ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ መጣ። ለለቅሶ የመጣ መስሏት እናቴ ምንጣፍ ዘረጋችለት። እሱ ግን ቆሞ ዳሱን እያየ፣

«ይኼ ለአንድ ቤት አይገባም፤ ለሕዝብ ጥቅም ይነሳል» አለ።

«ጓድ፣ የሟች እጅ ነው! ወላሂ እሱን እያየሁ ነው የምጽናናው» ብላ እናቴ እግሩ ላይ ወደቀች።

«ተነሺ፣ አታሳፍሪኝ።»

ሐረጉን ቆራርጠው፣ ጉቶውን ከነሥሩ ነቅለው ወሰዱት። የሕዝብ የተባለው ወይን የተተከለው ግን ጓድ ይመር ደጃፍ ላይ ነበር። «አብሽሪ ልጄ፣ ለአላህ ስጪው» አለችኝ እናቴ። እኔ ግን ቂሜን ለማንም አልሰጠሁም።

ወይኑ እዚያ ጸደቀ፤ ዓመት አልፎት ግን ፍሬ አልያዘም። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ጓድ ይመር ጠራኝ።

«አንቺ የሹፌሩ ልጅ! አባትሽ ይኼን ምን እያደረገ ነበር ፍሬ የሚያሲዘው?»

«ጧት ማታ ውሃ ያጠጣው ነበር» አልኩት። «ፍግም በብዛት ያደርግበታል። ብረት ግን አይወድም፤ አንድ ቅጠል እንኳ አያስቆርጠንም ነበር።»

«እስቲ ወላሂ በይ።»

«ወላሂ» አልኩ። በሐሰት የማልኩት በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው።

ለእናቴ ስነግራት ፊቷ አመድ መሰለ። «ቢያውቅ ሁለታችንንም ያስረናል!» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ግን አፏን በሻሿ ሸፍና ስትስቅ አየኋት። አባቴ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር።

ከዚያ በኋላ ለዓመታት በዚያ ደጃፍ ሳልፍ እርምጃዬን አዘገይ ነበር። አብዮት ጠባቂዎቹ በባልዲ ውሃ ሲያመላልሱ አያለሁ። ሐረጉ ዳሱን አልፎ ጣሪያውን ዋጠው። ከቅጠሉ ጥላ ሥር የምትገኘው ጥቂት ጎምዛዛ ፍሬ የወፍ ሲሳይ ሆነች። ጓድ ይመር ለእንግዶቹ «ዘንድሮ ያፈራል» ሲል ሰምቼ ቤቴ እስክደርስ ብቻዬን ስቄያለሁ። ትንሿ ልጁ ሶፊያ «ወይኑ መቼ ይደርሳል?» ስትለኝ፣ «በሚመጣው ዓመት» እላት ነበር።

መንግሥት ሲለወጥ ጓድ ይመር ጥቂት ወራት ታስሮ፣ ከስቶ ተመለሰ። እኔ ትልቅ ልጅ ሆኛለሁ። የአባቴን መቀስ ይዤ በጠራራ ፀሐይ ደጁ ሄድኩ።

«ወይናችንን ልከረክም ነው የመጣሁ» አልኩት።

አልከለከለኝም። ጣሪያው እስኪገለጥ ቆረጥኩት፣ ቅጠሉን አራገፍኩት። «አባቴ እንዲህ ነበር የሚያደርገው» አልኩት። «ያኔ የነገርኩህ ውሸት ነው።» አንተ ብዬው አላውቅም ነበር።

«ምለሽልኝ ነበር እኮ» አለ።

«አዎ፣ ምያለሁ።»

ለሳምንታት ሳይጠጣ ከቆየ በኋላ ራሴ እየተመላለስኩ አጠጣሁት። በወራት ውስጥ ያ ደጃፍ በዘለላ ጠቆረ። ቅርጫት ይዤ ሄጄ፣ እሱ በርጩማ ላይ ተቀምጦ እያየኝ፣ አንድ በአንድ ለቀምኩት። መጀመሪያ የቆረጥኩትን እፊቱ ቆሜ በላሁ። የቀረውን ለአባቴ ሰደቃ ብለን ለጎረቤት አደልን። ለዚያ ቤት አንዲት ፍሬ አልተውኩም። ሶፊያ በሩን ተደግፋ ቅርጫቱን ታይ ነበር።

ዛሬ የምኖረው ደሴ ነው። ወይን በፈለግኩ ጊዜ ከሱቅ ገዝቼ እገባለሁ፤ ልጆቼ ግማሹን ሳህን ላይ ትተውት ይነሳሉ። ያኔ ግን አንዱን ዘለላ ዓመት ሙሉ ነበር የምንጠብቀው። ጓድ ይመር ከሞተ ቆይቷል። ይቅር ብለሽዋል ወይ ብትሉኝ፣ አላልኩትም። እፊቱ ቆሜ የበላሁትን ያህል የጣፈጠኝ ወይንም እስከ ዛሬ የለም። ለሶፊያ ግን አንድ ዘለላ ልተውላት ይገባኝ ነበር።