ብርቄ የማን ነበረች

ባለፈው ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ ልጄ ቤት ሄጄ የልብስ ማጠቢያዋን ክፍል በር ስከፍት አንድ ሽታ ፊቴን መታኝ፤ የረጠበ ገለባ፣ የቆየ ማርና የእንስሳ ላብ አንድ ላይ የተቀላቀሉበት፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ። ሌላ ሰው ቢሆን በሩን ዘግቶ ይመለስ ነበር፣ እኔ ግን እዚያው ቆሜ ቀረሁ፤ ከአሥራ አንድ ዓመቴ ወዲህ አሽትቼው አላውቅም። የልጅ ልጄ ሜሮን ከኋላዬ መጥታ፣ «ዶንት ወሪ እማማ፣ ፌሬት ናት፣ ስሟ ኩኪ ነው፣ አትነክስም» አለችኝ።

«ለእኔ ነው አትነክስም የምትይኝ?» አልኳት።

ይህ ሽታ በቤታችን ታሪክ አለው፣ ታሪኩን ሲያወራ የኖረው ግን ሮክቪል የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ተስፋዬ ነው። በየፋሲካውና በየልደቱ ልጆቹን ዙሪያውን ሰብስቦ «የእኔ ፌሬት፣ እኔ ያሳደግኋት፣ ከጎሬ ውስጥ እኔ ያወጣኋት» እያለ ሲተርክ፣ እኔ ሳህን እያነሳሁ ስሰማ ኖሬአለሁ። ዝም ያልኩት ለበዓሉ ብዬ እንጂ ረስቼ አይደለም። ትምህርቴ ብዙ አይደለም፣ ሁለተኛ ደረጃን ሳልጨርስ ነው ሥራ የገባሁት፣ ነገር ግን የሆነውን እንደሆነው ለመጻፍ ዲግሪ አያስፈልግም።

ያኔ የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ በአንድ የጡብ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ነበር። አባባ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠሩ ነበር፣ እማዬ የሆቴል አንሶላ ታጥብ ነበር፤ ተስፋዬ አሥራ ሦስት ዓመቱ፣ እኔ አሥራ አንድ ነበርኩ። ከላያችን የሚኖሩት የቤቱ ባለቤት ሚስተር አርተር የሚባሉ፣ በወጣትነታቸው ከእንግሊዝ አገር የመጡ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው ሽማግሌ ነበሩ። ጓሮው ውስጥ፣ ከአጥሩ ሥር፣ ፊቱ በሽቦ የተሸፈነ ትንሽ የእንጨት ቤት ነበራቸው፣ በዚያ ዓመት መኸር ላይ፣ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር፣ አንዲት ግልገል ፌሬት አምጥተው አስገቡበት። ወገቧ እንደ ካልሲ የሚታጠፍ፣ እግሯ አጭር፣ ፊቷ ላይ ጥቁር ጭንብል ያጠለቀች የምትመስል ፍጥረት ነበረች። በአገራቸው ሰው ፌሬት የሚያረባው ጎሬ ውስጥ ገብታ ጥንቸል እንድታስወጣለት እንደሆነ ሚስተር አርተር ሲያስረዱ፣ እማዬ በሽቦው አጮልቃ አየችና፣ «ይሄማ ሸለምጥማጥ ነው! የዶሮ ሌባ ቤት ተሠርቶለት ይቀለባል እንዴ?» ብላ እያማተበች ወደ ውስጥ ገባች።

የሚስተር አርተር ጉልበት ታሞ ነበር፣ ጎንበስ ብለው ቤቷን ማጽዳት አይችሉም ነበር። ስለዚህ አንድ እሑድ ሁለታችንን ጠርተው፣ አባባም ደረጃው ላይ ቆመው እየሰሙ፣ ክረምቱ እስኪያልፍ ድረስ የተንከባከባት ልጅ ይወስዳታል አሉ። ይህን ቃል ያዙልኝ። የተንከባከባት ልጅ ነው ያሉት፣ ወንዱ ልጅ አላሉም።

ተስፋዬ ሁለት ቀን መጣ። በሁለተኛው ቀን ከላይ በጣቶቹ አፈፍ ሊያደርጋት ሲል አውራ ጣቱን ነከሰችው፣ እየጮኸ ገባ፣ ከዚያ በኋላ ስለ ገለባዋ አንድም ቀን አላነሳም። እኔ ግን ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ ቦርሳዬን ጥዬ ወደ ጓሮ እሮጥ ነበር፣ ሚስተር አርተርም በወንበራቸው ተቀምጠው ያስተምሩኝ ነበር። «ጭብጥሽን አስቀድሚ» ይሉኝ ነበር፤ «ጣት ለእሷ ምግብ ነው፣ የተጨበጠ እጅ ግን ድንጋይ ነው። ከላይ የሚመጣ እጅ ደግሞ ጭልፊት ነው። አሽትታ ስትጨርስ ከጎን ደረቷን ያዢ። ብትነክስሽ አትጎትቺ፣ ወደ እሷ ግፊና ፊቷ ላይ እፍ በይባት።» ነከሰችኝ፣ አልጎተትኩም፣ እንባዬ እየወረደ እፍ አልኩባት። በሦስተኛው ሳምንት እጅጌዬ ውስጥ ገብታ በትከሻዬ መውጣት ጀመረች፣ እኔም ብርቄ አልኳት። አንዲት ጥግ መርጣ እዚያ ብቻ እንደምትጸዳዳ፣ ገለባዋ ሲረጥብ እንደምትታመም፣ ከሥጋ በቀር ምንም እንደማይስማማት ያወቅሁት ያኔ ነው።

ከሁሉ አብልጠው የሚደጋግሙልኝ ግን የሥራ ቀን አመጋገቧን ነበር። ዋዜማውን በደንብ ትበላለች፣ ጠዋት ትንሽ ትቀምሳለች። ጠግባ ጎሬ ከገባች እዚያው ትተኛለች፤ ርቧት ከገባች ደግሞ ጥንቸሉን ከመሬት በታች ገድላ፣ በልታ፣ አሁንም እዚያው ትተኛለች። «በሁለቱም መንገድ» ይሉ ነበር ሚስተር አርተር፣ «እኛ ውጭ ቆመን እንበርዳለን።»

ብርዱ ሲጠነክር ሥራው ተጀመረ። ከአናንዴል ወዲያ አንድ ችግኝ የሚያፈላ ሰው ነበር፣ ጥንቸሎች የለጋ ዛፎቹን ቅርፊት እየላጡ ስላደረቁበት ቅዳሜ ቅዳሜ ሚስተር አርተርን ይጠራቸው ነበር። የመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት ብርቄን በሣጥኗ አድርጌ፣ ኮቴን ለብሼ፣ መኪናው አጠገብ ስቆም አባባ ከበሩ ሆነው፣ «አስካለ፣ ነይ ግቢ። ሴት ልጅ ከወንድ ጋር ጫካ ለጫካ ምን ትሠራለች? ተስፋዬ ይሂድ» አሉ። ተስፋዬ ከአልጋው ተቀስቅሶ፣ ዓይኑን እያሻሸ፣ ሣጥኑን ከእጄ ተቀብሎ ሄደ። በየትኛው በኩል እንደሚከፈት እንኳ አያውቅም ነበር፤ እኔው አሳየሁት።

ክረምቱን ሙሉ እንዲሁ ነበር። እኔ አበላለሁ፣ አጸዳለሁ፣ ጭቃ የለበሰውን የጥንቸል መያዣ መረብ አጥቤ ቀዳዳውን እጠቅማለሁ፤ እሱ ይሄዳል፣ ማታ አፍንጫው ቀልቶ ይመለስና «ዛሬ አራት ያዝን» ይላል። ሥጋውን እማዬ በደጃችን እንኳ አታሳልፍም ነበር፣ ጥንቸል አንበላማ፤ ሚስተር አርተር ለጓደኞቻቸው ያድሉት ነበር። እኔ ሥጋውን አልጠየቅሁም። የጠየቅሁት ማየት ብቻ ነበር። ስጠይቅ እማዬ፣ «ተይው፣ ትለምጂዋለሽ» ትለኝ ነበር። ይኸው አያት ሆንኩ፣ አልለመድኩትም።

አንድ ቅዳሜ ብቻ ተስፋዬን ጉንፋን ያዘው፣ አባባም ሥራ ተጠርተው ሄዱ፣ ሚስተር አርተር መስኮታችንን በከዘራ አንኳኩተው «ኮትሽ የት ነው?» አሉኝ። ጎሬው አምስት አፍ ነበረው። በእያንዳንዱ አፍ ላይ እንደ ከረጢት የሚቋጠር መረብ ዘርግቼ፣ ገመዱን በችካል አስሬ፣ በእግር ጣቴ እየተራመድኩ ብርቄን በመጨረሻው አፍ ለቀቅኳት። ጅራቷ ጨለማው ውስጥ ጠፋ። ከዚያ ጸጥታ ሆነ። ድንገት መሬቱ ከእግሬ ሥር ዱብ ዱብ አለ፣ ጥንቸሉ እንደ ተወረወረ ድንጋይ ወጥቶ መረቡ ውስጥ ተጠቀለለ፣ ብርቄም ከኋላው ብቅ ብላ በፀሐይ ዓይኗን ጨፈን ከፈት እያደረገች እኔን ፈለገች። እኔን! በዚያ ሰዓት የማን እንደሆነች ለመናገር ዳኛ አያስፈልግም ነበር።

ክረምቱ ሊያልቅ ሲል ሁዳዴ ገባ። በዚያው ሳምንት ሚስተር አርተር ልጃቸውን ሊጠይቁ ሄዱ፣ ለብርቄ የሚሆነውንም ሥጋ በላስቲክ ቋጥረው እኛ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጡ። እማዬ ስታየው ጮኸች። «በሁዳዴ? የጥንቸል ሥጋ? ከሽሮዬ አጠገብ?» ብላ አውጥታ ጣለችው። እኔ ምን ማድረግ ነበረብኝ? አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፣ ያን ዓመት ሁዳዴን ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉውን ልጾም ቃል ገብቼ ነበር፣ ቤቱ ሁሉ እየጾመ ነበር፤ እግዚአብሔር ብርቄንም ያበረታታል አልኩና ምስር ወጥ በእንጀራ ፈትፍቼ አቀረብኩላት። አሸተተችው፣ በአፍንጫዋ ገፋችው፣ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ሦስት ቀን አቀረብኩላት፣ ሦስት ቀን ገፋችው። ለእማዬ ብነግር ሸለምጥማጡ ይውጣ ትላለች ብዬ ፈራሁ፣ ላለመፍራት ደግሞ እጸልይ ነበር።

ሚስተር አርተር ዓርብ ማታ ተመለሱ። ቅዳሜ ጠዋት ሣጥኑን ሊጭኑ ሲሉ «በልታለች?» ብለው ጠየቁ። የጠየቁት ተስፋዬን ነው፤ የሚሄደው እሱ ነዋ! እሱም ሳያውቅ፣ ሳያፍር፣ «አዎ፣ አብልቻታለሁ» አለ። እኔ ደረጃው ላይ ቆሜ ሰማሁ። አልተናገርኩም። እሱን የሚያሳፍር ነገር ቢመጣ ደስ ይለኝ ነበር፣ ይህንንም እጽፈዋለሁ፣ ሚዛን ለሌላው ብቻ አይደለምና።

ሲመሽ ያለ ብርቄ ተመለሱ። ገብታ አልወጣችም። ሚስተር አርተር የዛለ ፊታቸውን ይዘው፣ «የራባት ፌሬት ሥራ ነው ይሄ» አሉ። አባባ ወደ ተስፋዬ ዞረው፣ «አብልቻታለሁ አላልክም? ውሸታም!» ብለው ቀበቷቸውን ያዙ፣ ተስፋዬም ግድግዳው ጋ ተለጥፎ ማልቀስ ጀመረ። ያኔ ዝም ብል ብርቄ ስትገኝ የእኔ ትሆን ነበር። ዝም ማለት ግን አልቻልኩም፤ በእኔ ጥፋት ሲመታ ማየት አቃተኝ።

«እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ያስጾምኳት» አልኩ።

ሚስተር አርተር ምን እንዳልኩ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ሲገባቸው አልሳቁም፣ አልተቆጡምም፣ ብቻ «እንግዲህ አንቺ ነሽ የምታወጫት» አሉኝ። አባባም ሌላ ጊዜ የከለከሉኝን መንገድ ያኔ ፈቀዱልኝ፣ ጥፋተኛ ስሆን ጫካው ለሴት ልጅ ክፍት ሆነ። በነጋታው የብርቄን የራሷን ገለባ በሣጥን ይዤ ከጎሬው አፍ አስቀመጥኩና በሆዴ ተኝቼ፣ በከንፈሬ እንደ ሁልጊዜው ጭ፣ ጭ፣ ጭ እያልኩ ጠራኋት። ክርኔ ደነዘዘ፣ ከንፈሬ ተሰነጠቀ። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ሆዷ ተነፍቶ፣ አፏ ደም ነክቶት፣ እንቅልፍ እየጣላት ወጣች፤ ጭብጤን አሽትታ እጅጌዬ ውስጥ ገባች።

ስንመለስ ሚስተር አርተር ለአባባ፣ «ክረምቱ አልቋል፣ ቃል ቃል ነው፣ የልጅቷ ናት» አሉ። አባባ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንስሳ ያስራበች ልጅ አትሸለምም፤ ለተስፋዬ ይሁን» አሉ። «ውሸት የተናገረውስ?» አልኩ። አባቴን ፊት ለፊት ስጠይቅ የመጀመሪያዬ ነበር። «ዝም በይ!» አሉኝ። ሚስተር አርተር ቆባቸውን በእጃቸው እያዞሩ ጥቂት ቆሙ፣ በሌላ ሰው ልጆች መካከል መግባት ከብዷቸው መሰለኝ፣ ሣጥኑን መሬት ላይ አስቀምጠው ወደ ላይ ወጡ። ሳያበላ አበላሁ ያለው ወሰዳት፣ እውነቱን የተናገረችው ባዶ እጇን ቀረች። እንዲህ ነበር የተፈረደው።

ዛፉ ሲያቆጠቁጥ ገለባዋን የምቀይረው አሁንም እኔ ነበርኩ። በጋው ሲገባ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ሽቦው ተከፍቷል፣ አጥሩ ላይ ቀይ ብስክሌት ተደግፏል። ተስፋዬ ብርቄን ግሪንቤልት ለሚኖር ሰው ሰጥቶ በብስክሌት ለውጧታል። ገለባውን አወጣሁ፣ ቤቷን አጠብኩ፣ በሩን ዘጋሁ። በብስክሌቱ አንድም ቀን አልተቀመጥኩም።

እንግዲህ ባለፈው ቅዳሜ ይኸው ተስፋዬ፣ አሁን ጸጉሩ የሸበተው፣ እሱም ልጄ ቤት ለጾም ምሳ ተጋብዞ ነበር። ሜሮን ኩኪን አቅፋ ስትመጣ ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ። «ስጪኝ፣ ስጪኝ፣ ይሄ የእኔ ሙያ ነው! ታውቂያለሽ፣ በልጅነቴ...» እያለ ጣቶቹን ዘርግቶ ከላይ መጣ። ኩኪ እዚያችው አውራ ጣቱ ላይ ተሰካች።

«ኦ ማይ ጋድ! አስለቅቁኝ! አስካለ!»

«አትጎትት!» አልኩት፤ እጁን ወደ እሷ ገፍቼ ፊቷ ላይ እፍ አልኩባት፣ ለቀቀችው፣ ጭብጤን አስቀደምኩላት፣ አሸተተች፣ እጅጌዬ ውስጥ ገባች።

ሜሮን አፏን ከፍታ አየችኝ። «እማማ! ሃው ዱ ዩ ኖው? አንክል እኮ ነው ፌሬት ያሳደገው!»

ተስፋዬ ጣቱን በሶፍት ጠቅልሎ ምስሩን ምስሩን ሲያይ ቆየና፣ «የእሷ ነበረች» አለ። «ያቺኛዋ። የአስኩ ነበረች።» ሲነገር አንድ አፍታ ነው፤ ለመናገር ግን ሽበት እስኪያወጣ ጠበቀ። ይህንኑ በፋሲካ፣ ልጆቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይደግመዋል፤ ካልደገመው እኔ አለሁ።

ከምሳ በኋላ ሜሮን የእንስሳት ሐኪሙን ካርድ አሳየችኝ። ባለቤት በሚለው መስመር ላይ የራሷ ስም በትልቁ ተጽፏል፤ እኔ ያለኝ የሽማግሌ ቃል ብቻ ነበር፣ እሱንም አባቴ በአንድ ንግግር ሻሩት። ፍሪጁ ታችኛው መሳቢያ ውስጥ ደግሞ ክዳኑ በደንብ የተዘጋ ሣጥን ነበር፣ በሁዳዴ መካከል የዶሮ ልብ ሞልቶት፣ ልጄም አንዲት ቃል አልተናገረችም። ሜሮን ልታወጣው ስትል ተቀበልኳት። እኔ ሁዳዴ ከገባ ወዲህ ሥጋ በእጄም አልነካሁም ነበር፤ ልቡን በትናንሹ ከትፌ ለኩኪ አቀረብኩላት፣ ሳህኑን ልሳ እስክትጨርስ አጠገቧ ቆምኩ፣ ከዚያ እጄን ታጥቤ ለጸሎት ገባሁ።