የሙሴ ሃጎፕ አውራ ዶሮ

ልጅ ሳለሁ ተረት የሚነግረኝ አያት አልነበረኝም። የነገረኝ ቆርቆሮ ሠሪ ነው። ለፈረንጅ ሁሉ «ሙሴ» እንደሚባለው ሙሴ ሃጎፕ እንለው ነበር፤ አርመን ነው። ወላጆቹ ቱርክ አገር በአርመኖች እልቂት ካለቁ በኋላ በስደት ካደገበት ከኢየሩሳሌም፣ እንደ እሱ ካሉ ወላጅ አልባ ልጆች ጋር ለንጉሡ ጥሩምባ ሊነፋ መጥቶ እዚሁ ቀረ። ጣሊያን ሲገባ የንጉሡ የሙዚቃ ባንድ ተበተነ። ያኔ ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ በነበረው ግቢያችን አንድ ክፍል ተከራይቶ፣ ወታደሮች ከሚጥሉት የሳልሳ ጣሳ ኩራዝ እየሠራ ይኖር ነበር። ጥሩምባውን በጆንያ ጠቅልሎ ከአልጋው ሥር አስቀምጦታል። ሲነፋው ሰምተን አናውቅም።

አባቴ በጦርነቱ ሞቷል። እናቴ ዛሬ ካዛንቺስ በሚባለው ሰፈር፣ ጣሊያን ለሹማምንቱ ቤት በሚያሠራበት ቦታ፣ ድንጋይ ትሸከም ነበር። እስክትመጣ እኔና የግቢው ልጆች የሙሴን ማንደጃ ከበን እንቀመጣለን። መበየጃው ብረት ፍም ውስጥ ይግላል፤ የኩራዙ ጭስ ዓይናችንን ይቆጠቁጠናል። ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ስለሚለን እየሳቅን እንሰማዋለን።

አንድ ሰሞን የያዘው ተረት የአውራ ዶሮ ነበር። አንድ ንጉሥ የሰው አገር ወሰደ። ሰዉ በሌሊት ተነስቶ ቤት እንዲሠራለት ስለፈለገ፣ ዶሮውን ሳይነጋ ጩኽ አለው። ቢጮኽ ሰው በጨለማ ይለፋል፤ ባይጮኽ ይታረዳል።

«እሺ፣ ዶሮውስ?» አልኩት።

«ዶሮ ገና እያሰበች ነው። ሂጂ፣ ተኚ።»

በዚያው ሳምንት የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ መጣ። አዲሶቹ ቤቶች እሑድ ይመረቃሉ፤ የሙዚቃ ባንዳቸው አንድ ጥሩምባ ነፊ ጎድሎታል።

«እሑድ ትነፋለህ፣ ሙሴ። እጠፋለሁ ብትል ግቢው ይቃጠላል» አለው።

እሱ እንደወጣ እናቴ፣ «ንፋላቸውና ይለፉህ። የአንድ ቀን ነገር ነው» አለችው።

ሙሴ ብረቱን ከፍሙ አወጣ። «ቱርኮች የእኛን ሰው ለሞት ሲነዱ ፊት ፊት ባንድ ይነፋ ነበር» አለ። «እኔ ሰምቻለሁ። አንቺ አልሰማሽም።»



ቅዳሜ በሩ ተዘግቶ ዋለ። እሑድ ጠዋት አስተርጓሚው ሲመጣ ሙሴ ፊቱን በጨርቅ አስሮ ወጣ። ጉንጩ አብጧል። ጨርቁን ፈትቶ አፉን ከፈተ። የፊት ጥርሶቹ የሉም። ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ደህና ጥርሱን አስነቅሎ ነው። ጥሩምባ ነፊ ያለ ፊት ጥርስ ከንፈሩን የሚያስደግፍበት የለውም።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ጥርሴን አመመኝ፣ ጌታዬ።»

አስተርጓሚው በጥፊ መታው፤ ጥሩምባውንም ይዞ ሄደ። ያን ቀን ባንዱ ጎዶሎውን ነፋ፤ ድምፁ እስከ ግቢያችን ይሰማ ነበር።

ማታ እንደ ወትሮው ማንደጃውን ከበብን። ስለ ዶሮው የጠየቀ አልነበረም። ሙሴ ከጣሳ ቁራጭ ትንንሽ ነገሮች በየደ፣ ጠርዛቸውንም በሞረድ አለሰለሰ። በከንፈር የሚገጠሙ የጥሩምባ አፎች ነበሩ፤ ለእያንዳንዳችን ሰጠን። «ከንፈር ግጠሚ። እንደ ዝንብ ዝዝዝ በይ» አለ፤ ቃሉ በጥርሱ ክፍተት እየሾለከ። ቀጥሎ የሣጥን ክዳን ላይ በሦስት ጣቱ እየመታ፣ የትኛው ጣት የትኛውን ድምፅ እንደሚያወጣ ማሳየት ጀመረ። እስከ ነፃነት ድረስ የማታ ሥራችን ይኸው ሆነ። ጥሩምባ ሳንነካ ጣታችን ጥሩምባ ለመደ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ከዚያ ግቢ ሦስታችን የጦር ባንድ ገባን። እኔ ጡረታ እስክወጣ ነፋሁ፤ ቀን ሰልፍ ላይ፣ ማታ ዳንስ ቤት። ሰው የአገሩ ዘፈን ነው ብሎ ሲያጨበጭብ፣ በጥሩምባው አፍ የላምባና የብየዳ ሽታ ይመጣብኝ ነበር።

ከማን ተማርክ ይሉኛል። ጥርስ ከሌለው ሰው እላለሁ። ይስቃሉ፤ እኔም አላብራራም። ሙሴ ሃጎፕ ሲነፋ አንድ ቀን እንኳ አልሰማሁትም።