«ይልካል» አልኩ

ቤትዎ ውሃ ተቋርጦ ወይም መብራት እየነዘረ አስቸግሮዎት፣ ለሚመለከተው ክፍል ካመለከቱ በኋላ «ጥያቄዎ ተስተናግዷል» የሚል መልእክት ስልክዎ ላይ ደርሶ ያውቃል? ማንም ሰው ሳይመጣ? ያን ጊዜ ምን አደረጉ? ተናደዱ? ወይስ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው «እኔ ሳልኖር መጥተው ሠርተውት ይሆናል» ብለው አመኑ?

እንዲህ ያለውን መልእክት የሚጽፍ ሰው አለ። አንዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይህን እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኩም። በየጾሙ ለነፍስ አባቴ ትንንሹን ጥፋቴን ሁሉ እየለቀምኩ ስናገር ይህን ግን ዘልዬዋለሁ።

መምህርት ነኝ። ጅማ የመጣሁት ከደብረ ብርሃን ነው፤ ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ነገሮችን በየቦታቸው መደርደር ከልጅነቴ ያለብኝ አመል ነው። ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ በጅማ ዙሪያ የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ያሉት አንድ ድርጅት የጥገና ጥያቄዎቹን ለየቡድኑ የሚያከፋፍል ሲስተም እንዳዘጋጅለት ጠየቀኝ። ቢሮው ቦሳ ኪቶ ስለነበር ከክፍል ስወጣ በባጃጅ እሄድ ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ ላስረዳዎት። ጣቢያ ላይ አንድ ነገር ሲበላሽ የፈረቃ ኃላፊዋ በስልኳ ጥያቄ ትልካለች። ስትልክ ከአራት ቡድኖች አንዱን መምረጥ አለባት፦ ህንፃ፣ መካኒክ፣ ተሽከርካሪ፣ ኤሌክትሪክ። ጥያቄው ለመረጠችው ቡድን ይደርሳል። ቡድኑ ሠርቶ ሲጨርስ ይዘጋዋል፤ ሲዘጋም «ጥያቄዎ ተስተናግዷል» የሚለው መልእክት በራሱ ወደ ላኪዋ ይመለሳል። ቡድኖቹን በሀሁ ቅደም ተከተል ደረደርኳቸው። ሥርዓት እወዳለሁ ብዬዎት የለ?

የቡና ለቀማው ሲደርስ ጥያቄው ሁሉ ወደ ህንፃ ቡድን ጎረፈ። በእሸት ቡና ልጋግ የተለወሰ ጣት ትንሽ ስልክ ላይ ፈልጎ አይመርጥም፤ ከላይ ያገኘውን ነክቶ ወደ ሥራው ይመለሳል። ከላይ ያስቀመጥኩት ደግሞ ህንፃን ነው።

የህንፃ ቡድን ኃላፊው ኦቦ ጀማል ይባላሉ፤ በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። አንድ ቀን ቢሮ በር ላይ ያዙኝ።

«ማሎ ቲቸር፣ እባክሽ፣ እኛ ጣራ ጠጋኞች ነን» አሉኝ። «ትናንት የፓምፕ መጣ፣ የጎማ መጣ፣ የጄኔሬተር መጣ። በዚህ አያያዝሽ ነገ ሙሽራ ትልኪልናለሽ።»

አብረዋቸው የነበሩት ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ውስጤ ግን ተቆጣ። ኦቦ ጀማል እያንዳንዱን የተሳሳተ ጥያቄ እያነበቡ ለሚመለከተው ሰው ይደውሉ ነበር። ሥራው በዚህ መንገድ ይሠራ ነበር፤ ይህን አውቃለሁ። ነገር ግን በስልክ የተላለፈውን ሲስተሙ አያየውም። ጥያቄው በህንፃ ቡድን ስም ክፍት ሆኖ ይቆያል፣ ክፍት የሆነውም በቀይ ይታያል። ለሥራ አስኪያጁ የማሳየው ገጽ ቀይ በቀይ ሆነ። አፈርኩ። በሠራሁት ነገር ሰው እንዲስቅብኝ አልፈለግሁም።

ስለዚህ «አይመለከተንም» የሚል ቁልፍ ጨመርኩ። ኦቦ ጀማልን አስቀምጬ እንደ ተማሪ አስረዳኋቸው፦ ይህን ሲጫኑ ጥያቄው ወደ ትክክለኛው ቡድን ይሄዳል፤ ከእንግዲህ መደወል አያስፈልግዎትም።

«ራሱ ይሄዳል?»

«ራሱ።»

«ኤዬ፣ ጥሩ ነው» አሉና ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

አይሄድም ነበር። ለይቶ የሚልከውን ክፍል ገና አልሠራሁትም። ቁልፉ የሚያደርገው ጥያቄውን መዝጋት ብቻ ነበር። ጥያቄው ሲዘጋ ምን እንደሚከተል ነግሬዎታለሁ። አላውቅም ነበር ልበል? ራሴ ነኝ የሠራሁት። ረሳሁት ልበል? አልረሳሁትም። ለጊዜው ነው፣ በሚቀጥለው ሳምንት አስተካክለዋለሁ አልኩ። ሳምንቱ መጣ፤ ፈተና ሳርም አለፈ። ገጹ ላይ ያለው ቀይ ግን ያኔውኑ ጠፍቶ ነበር። ሥራ አስኪያጁ አመሰገኑኝ። የቢሮው ስልክም መጮኽ አቆመ። ያን ጸጥታ ጤና አድርጌ ቆጠርኩት። በየጣቢያው የተበላሸው ነገር እንደተበላሸ፣ ሰዉ ሁሉ ግን ተሠርቷል ብሎ እያመነ ነበር። ይህን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

በአጋሮ መንገድ ካሉት ጣቢያዎች በአንዱ ከድጃ የምትባል የፈረቃ ኃላፊ «የፓምፑ ማብሪያ ይነዝራል» ብላ ላከች። ከላይ ያለውን ነካች። ኦቦ ጀማል እንዳስተማርኳቸው «አይመለከተንም» የሚለውን ተጫኑ። ለከድጃ «ጥያቄዎ ተስተናግዷል» የሚል መልስ ደረሳት። ያን ቀን ጠዋት ደግሞ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ናስር፣ ለሌላ ሥራ ሲሄድ፣ በሞተር ሳይክሉ በጣቢያው በር አልፎ ነበር። ከድጃ ሁለቱን አገናኘች፤ እርስዎስ ቢሆኑ አያገናኙም? ፓምፑን የሚያንቀሳቅሰውን ፈይሳን ጠርታ «ናስር ሠርቶታል፣ አብራው» አለችው። የፈይሳ እጅ እርጥብ ነበር።

አልሞተም። የቀኝ እጁ ጣቶች ግን ታጥፈው ቀሩ፤ ዛሬም አይዘረጉም።

ስብሰባ ተጠራ። ከድጃ ስልኳን አውጥታ መልእክቱን አሳየች። ሥራ አስኪያጁ ናስርን «ሳትሠራ ሠርቻለሁ ብለህ ዘጋህ?» አሉት።

«ወላሂ አልደረሰኝም» አለ ናስር። «ቢደርሰኝ በሩ ላይ አልፌ እሄዳለሁ?»

ኦቦ ጀማል አንገታቸውን አቀረቀሩ። ሰው መክሰስ አይወዱም። «ናስር ልጄ፣ እኔ ግን ወዳንተ ልኬዋለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «በዚህ ጣቴ ነው የተጫንኩት።»

ኦቦ ጀማል አልዋሹም። ያስተማርኳቸውን ነው የመሰከሩት። እውነተኛ ሰው በሐሰት እንዲመሰክር ያደረግሁት እኔ ነኝ። ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ ዞሩ። «መምህርት፣ ያ ቁልፍ ለኤሌክትሪክ ቡድን ይልካል?»

«ይልካል» አልኩ።

አንድ ቃል ናት። ማንም አልገፋኝም፤ ማንም አላስፈራራኝም። «አይልክም፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ብል ምን እሆን ነበር? ኮሌጁ አያባርረኝም። ቢበዛ አፍር ነበር። ኀፍረቴን ከናስር ስም ጋር መዘንኩና የናስርን ስም ጣልኩት። ናስር አየኝ። በቁጣ አልነበረም ያየኝ፤ እውቀት ያላት ሰው ስለተናገረች እንዳመነ ሰው ነበር። ከሥራ ተሰናበተ፤ «በግድየለሽነት ሰው ያስጎዳ» የሚል ስምም ተከተለው።

እኔ ከስብሰባው ወጥቼ ምን እንዳደረግሁ ልንገርዎት። ቁጭ ብዬ የጎደለውን ክፍል ሠራሁት፤ ከሰዓት በኋላ አለቀ። ለወራት ጊዜ ያጣሁለት ሥራ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁልፉ በእውነት ይልካል። ሰው ቢመረምረው እኔ ልክ፣ ናስር ውሸታም ሆኖ ይገኛል። ውሸት መናገር አልበቃኝም፤ ውሸቴን እውነት አደረግሁት።

ባለፈው ወር የኤሌክትሪክ ምድጃዬ ተበላሽቶ ሄርማታ ሰፈር ወዳለ ጠጋኝ ይዤ ሄድኩ። ከጠባቧ ሱቅ ብቅ ያለው ናስር ነበር። ልሸሽ አሰብኩ።

«ቲቸር፣ አከም» ብሎ ሰላምታ ሰጠኝና በርጩማ አቀረበልኝ።

ምድጃውን እየፈታ ስለ ልጆቹ አወራኝ። ከዚያ ሳልጠይቀው፣ ቀና ሳይል እንዲህ አለ፦ «ያኔ ወላሂ አልደረሰኝም ብዬ ምያለሁ አይደል? አሁን አሁን እንጃ። አንቺም ይልካል ብለሻል፣ ኦቦ ጀማልም ዋሽተው አያውቁም። መጥቶልኝ ሳላየው ቀርቼ ይሆናል። በሐሰት ምዬ እንዳይሆን እፈራለሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ።»

ሥራውን ብቻ የወሰድኩበት መስሎኝ ነበር። በራሱ ላይ ያለውን እምነትም ወስጄበታለሁ። እኔ በሠራሁት ኃጢአት እሱ ምሕረት ይለምናል። እዚያው ልነግረው እችል ነበር፤ በመካከላችን አንድ ምድጃ ብቻ ነበር። አመስግኜው ወጣሁ። ሁለት ጊዜ ካድኩት።

ይህን ጽሑፍ እርስዎ ከማንበብዎ በፊት ናስር እጅ ይገባል፤ ከዚያ ለፈይሳ፣ ከዚያ ለድርጅቱ ይደርሳል። ወጣት ነበርኩ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነበር አልልም። ይቅርታንም ከእርስዎ አልጠይቅም፤ የበደልኩት እርስዎን አይደለም። ከእርስዎ የምለምነው ሌላ ነው። እርስዎም ጥያቄ የሚያከፋፍል ሲስተም ያለው ቢሮ ውስጥ ይሠሩ ይሆናል። ነገ ጠዋት እንደ አንድ የቸኮለ ሰው ሆነው፣ የተሳሳተ ቡድን መርጠው፣ አንድ ጥያቄ ራስዎ ይላኩ። ከዚያ ከወንበርዎ ተነሥተው ጥያቄው የት እንደደረሰ በእግርዎ ይከተሉት፤ በእጁ የያዘውን ሰው ፊት ለፊት እስኪያገኙ ድረስ አይመለሱ። ሰው ካጡበት፣ ያን ቦታ ለሁሉም ጮክ ብለው ይንገሩ።